መጀመሪያ ሥራው ይለወጥ፦ ስለ ዲጂታል ሽግግር ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ትልልቅ ድርጅቶችን የሚለውጣቸው ቴክኖሎጂ ነው የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል። ከሦስቱ ሁለቱ በየድርጅታቸው ትልቅ የሶፍትዌር ግዢ ለማጽደቅ ከሚሰበሰቡት ኃላፊዎች መካከል ናቸው፤ ጽሑፉን የላኩልኝም እንግዲህ ነገሩ ተቋጨ በሚል መንፈስ ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ተነቦ የሚታለፍ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ ነበር፤ ይህኛው ግን ብዙ ገንዘብ ሊወጣበት፣ የብዙ ሰዎች የሥራ ውሎ ሊወሰንበት ነው።

የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ ይህን ይመስላል። ቴክኖሎጂ የለውጡ ሞተር ነው፤ ክላውድ (በኢንተርኔት በኩል በኪራይ የሚሠራበት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር)፣ የመረጃ ትንተናና ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገቡበት ድርጅት አሠራሩም ባህሉም ገቢውም ተከትለው ይለወጣሉ፤ ቀድሞ የገዛ ቀድሞ ያሸንፋል። ለውጡ የሚሰናከለው በአብዛኛው ሠራተኛው አዲስ ነገር ስለሚሸሽ ነው፤ መድኃኒቱም ሥልጠናና ጥብቅ መመሪያ ነው። አሮጌው ሥርዓት በአንድ ጊዜ ተነቅሎ መተካት አለበት፤ በየደረጃው መሄድ ወጪን ማብዛት ነው። ከዚያ በኋላ ውሳኔ የሚሰጠው በሰው ግምት ሳይሆን በመረጃ ይሆናል፤ መረጃ ደግሞ አይዋሽም። በመጨረሻም የወጣው ገንዘብ በሰው ኃይል ቅነሳ ይመለሳል። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በጥሩ ቋንቋ አቅርበዋል፤ ቴክኖሎጂውን በቅርብ እንደሚያውቁትም ያስታውቃል። የምንለያየው ምክንያቱ የትኛው ነው፣ ውጤቱስ የትኛው ነው በሚለው ላይ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሞተሩ ልጀምር። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው ለሞተርነቱ ማስረጃ አድርገው የጠቀሱት ኤሌክትሪክን ነው፤ ኤሌክትሪክ ፋብሪካዎችን እንደለወጠ ዲጂታል ቴክኖሎጂም ድርጅቶችን ይለውጣል ይላሉ። ምሳሌውን ወድጄዋለሁ። ታሪኩ እስከ መጨረሻው ሲነገር ግን ምስክርነቱ ለእኔ ነው። ኤዲሰን በኒው ዮርክ የፐርል ጎዳና የኃይል ማመንጫውን የከፈተው በ1882 ነው። የምጣኔ ሀብት ታሪክ ምሁሩ ፖል ዴቪድ በ1990 ባቀረቡት ጥናት እንዳሳዩት ኤሌክትሪክ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ምርታማነት ላይ በጉልህ የታየው በ1920ዎቹ፣ ማለትም ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ጥናቱ የተጻፈበት ጊዜም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1987፣ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሮበርት ሶሎው የኮምፒውተር ዘመን ከምርታማነት አኃዝ በቀር በሁሉም ቦታ ይታያል ብለው ጽፈው ነበርና ምሁራኑ መልስ በመፈለግ ላይ ነበሩ።

ታዲያ አርባ ዓመት ምን ሲደረግ ነበር? በእንፋሎት ዘመን አንድ ግዙፍ ሞተር በጣሪያው ሥር የተዘረጋ ረጅም የብረት ዘንግ ያሽከረክራል። እያንዳንዱ ማሽን ኃይሉን ከዚያ ዘንግ በቀበቶ ይስባል። ስለዚህ ማሽኖቹ የሚደረደሩት ሥራው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ለዘንጉ እንዲመቹ ነበር፤ ሕንፃውም በዚሁ ምክንያት ፎቅ በፎቅ ላይ ይሠራ ነበር። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብዙዎቹ ባለ ፋብሪካዎች የእንፋሎት ሞተሩን አነሡና በቦታው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ተከሉ። ዘንጉ፣ ቀበቶው፣ የማሽኖቹ አደራደር እንደነበረ ቀረ። ያገኙት ጥቂት የነዳጅ ቁጠባ ነው። ምርታማነቱ የጨመረው እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ትንሽ ሞተር ሲኖረው፣ ፋብሪካው መሬት ላይ ተዘርግቶ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ማሽኑም ሥራው በሚፈስበት መንገድ ሲሰለፍ ነው። በሁለቱም ጊዜ ኤሌክትሪኩ ያው ኤሌክትሪክ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ዘንጉ ይውረድ ብሎ የወሰነው ሰው ነው።

በዛሬው ድርጅት ውስጥ ዘንጉ ምን እንደሚመስል ለማየት ከፎርድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1980ዎቹ ፎርድ በሰሜን አሜሪካ ለአቅራቢዎች ክፍያ የሚፈጽምለት ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። አመራሩ ሥራውን በኮምፒውተር በማገዝ ቁጥሩን በ20 በመቶ ለመቀነስ አቅዶ ነበር። ከዚያ ወደ ጃፓኑ መኪና አምራች ማዝዳ ዞር ብሎ ተመለከተ፤ እዚያ ይህንን ሥራ የሚሠሩት 5 ሰዎች ናቸው። ማዝዳ አነስተኛ መሆኑ ታስቦ እንኳ ልዩነቱ በምንም ሒሳብ የሚገለጽ አልነበረም። የአስተዳደር ምሁሩ ማይክል ሐመር በ1990 እንደተረኩት የፎርድ ሠራተኞች ጊዜያቸውን የሚፈጁት የግዢ ማዘዣው፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነዱና የአቅራቢው ደረሰኝ ለምን እንዳልተጣጣሙ ሲያፈላልጉ ነው። ክፍያ ከመውጣቱ በፊት 14 ዝርዝሮች መመሳሰል ነበረባቸው።

ፎርድ ይህንን ፍለጋ በኮምፒውተር ማፋጠን ይችል ነበር፤ የመጀመሪያው ዕቅድ ይኸው ነበር። ያደረገው ግን ደረሰኙን ራሱን ማስቀረት ነው። ዕቃ ሲመጣ የመጋዘኑ ሠራተኛ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ማዘዣ መኖሩን ያያል። ካለ ይረከባል፣ ክፍያውም በራሱ ይወጣል። ከሌለ ዕቃው ወደመጣበት ይመለሳል። የሚመሳሰሉት ዝርዝሮች ከ14 ወደ 3 ወረዱ፤ የሰው ኃይሉም በ75 በመቶ ቀነሰ። እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው እውነት አለ፦ መጋዘኑና ግዢ ክፍሉ በአንድ ጊዜ የሚያዩት የመረጃ ቋት ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይታሰብም ነበር። ቴክኖሎጂው በሩን ከፍቷል። ነገር ግን ያው ቴክኖሎጂ በእጅ እያለ የ20 በመቶ ዕቅድም የ75 በመቶ ውጤትም ይቻል ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የመክፈል ሥልጣን ከሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ወደ መጋዘን በር መዛወሩ ነው። ይህንን ዝውውር የሚሸጥ የሶፍትዌር ሻጭ የለም።

ቀድሞ የገዛ ያሸንፋል የሚለውም በዚሁ ይፈተናል። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው በ1975 ነው፤ አንዷን ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይወስድ ነበር። ከዚህ የቀደመ የለም። ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ኮዳክ ዲጂታሉን ንቆ ተኝቶ ነበር ማለትም ልክ አይደለም፤ በ2005 በአሜሪካ ገበያ በዲጂታል ካሜራ ሽያጭ አንደኛ ነበር። ቴክኖሎጂው ነበረው፣ ሸጦትማል። ትርፉ ግን የሚመጣው ከፊልምና ከማጠቢያ ኬሚካሉ ነበር፤ ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ የተዋቀረውም በዚያ ዙሪያ ነው። በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሌላው ምሳሌ የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክና አይቢኤም በ2018 ይፋ ያደረጉት ትሬድሌንስ የተባለው የጭነት ሰነድ መለዋወጫ ነው። የባሕር ትራንስፖርት በወረቀት የተጨናነቀ ዘርፍ እንደመሆኑ ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ሥርዓቱም ይሠራ ነበር። በኅዳር 2022 ግን እንደሚዘጋ ተነገረ፤ የተሰጠው ምክንያት የዘርፉ ተዋናዮች ሁሉ ተባብረው የሚሠሩበት ሁኔታ አለመፈጠሩ ነው። ተፎካካሪ በመሠረተው ቤት ውስጥ ሰነድን ማስቀመጥ የመተማመን ጥያቄ ነው፤ መተማመን ደግሞ በቀዳሚነት አይገዛም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ እሱ ነው። ጸሐፊው ሠራተኛው አዲስ ነገር ይሸሻል ይላሉ። ከዓመታት በፊት አንድ ትልቅ አምራች ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ በአዲሱ ሥርዓት ላይ የሚታየው የዕቃ ክምችትና መጋዘን ውስጥ ያለው ለምን እንደማይገናኝ እንዳጣራ ጠይቆኝ ነበር። በቅድሚያ የተነገረኝ የመጋዘኑ ኃላፊ ኮምፒውተር የምትፈራ በመሆኗ በደብተር መመዝገቧን እንዳልተወች ነው። ለሥልጠና ሦስት ጊዜ ልከዋታል።

መጋዘን ስገባ ደብተሩን ሳትደብቅ አሳየችኝ። ገቢ ዕቃ በሰማያዊ፣ ወጪ በቀይ ብዕር ተጽፏል። የአንዳንዱ ገጽ ጥግ ወደ ውስጥ ታጥፏል። «የታጠፈው ሲስተሙ ላይ ገና ያልገባ ነው» አለችኝ። ለምን እንዳልገባ ስጠይቃት ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና ልትመዘግብ ሞከረች፤ ሥርዓቱ የግዢ ክፍሉ ኃላፊ ካላጸደቀ ገቢ ማድረግን አይፈቅድም። ማጽደቁ አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ዕቃውን ያመጣው መኪና ግን ደጅ ቆሟል፤ የማምረቻ ክፍሉም ያንኑ ዕቃ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ በደብተር ትረከባለች፣ በደብተር ታወጣለች፣ ማጽደቂያው ሲደርስ ገቢውንም ወጪውንም በአንድ ቀን ታስገባለች። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቀን ሁሉ ስሕተት የሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ያቺ ሴት ፕሮግራሙን ከአሠልጣኙ አሳምራ ታውቀዋለች። ምርቱ ሳይቆም የዋለው በእሷ ደብተር ነው፤ ወቀሳው የደረሰው ግን ለእሷ ነው።

እኛ ለእንዲህ ያለው ፍርድ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚል ተረት አለን። የማጽደቂያውን ሰንሰለት ያዘዘው አመራሩ ነበር፤ ሥርዓቱ ያንን ሰንሰለት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንዳለ ገልብጦታል፣ እንዲያውም አጥብቆታል፤ ቀድሞ በወረቀት ጊዜ ሰው ስልክ ደውሎ «ተረከቢ፣ እፈርማለሁ» ይል ነበርና። ከሁለት ወር ክርክር በኋላ መረከብ ማጽደቅን እንዳይጠብቅ ተወሰነ፤ የተረከበችው ከማዘዣው ጋር ካልገጠመ ብቻ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስመለስ ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። የመጨረሻው ጽሑፍ መመሪያው በተለወጠበት ሳምንት የተጻፈ ነው። አራተኛ ሥልጠና አላስፈለገም።

ለውጥን በእውነት የሚቃወም የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ፤ አግኝቼዋለሁም። በእኔ ትዝብት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከታች ሳይሆን ከመሐል ወደ ላይ ነው፤ የክፍሉን አኃዝ ሌላው ክፍል እንዳያየው የሚፈልግ፣ መረጃ በእሱ በኩል ብቻ እንዲያልፍ የለመደ ኃላፊ። ለእሱ ሥልጠና መስጠት ምንም አይፈይድም፤ ፕሮግራሙን የሚያደናቅፈው ስለማያውቀው ሳይሆን ምን እንደሚያሳጣው በደንብ ስለሚያውቅ ነው። በሌላ በኩል ቶዮታ በማምረቻ መስመሩ ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ ርዳታ እንዲጠራ፣ አስፈላጊ ከሆነም መስመሩ እንዲቆም ያደርጋል። ገመድ ነው፤ ከዚህ የቀለለ ቴክኖሎጂ አይገኝም። ብርቁ ነገር ገመዱን የሳበው ሰው የማይቀጣ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ አሮጌውን በአንድ ጊዜ ነቅሎ መተካት። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት አላቸው። ሁለት ሥርዓት ጎን ለጎን ማቆየት ውድ ነው፤ በየደረጃው የሚለው ቃልም የማያልቅ ሥራ መሸፈኛ ሲሆን አይቻለሁ። በባሕርያቸው ለሁለት የማይከፈሉ ነገሮችም አሉ። ስዊድን በመስከረም 1967 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትሸጋገር መኪናው ዛሬ፣ አውቶቡሱ በሚቀጥለው ወር ማለት አትችልም ነበር፤ በአንድ ሌሊት አደረገችው፣ ከዓመታት ዝግጅት በኋላ። የትልቅ ድርጅት ሥርዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። የቸኮሌት አምራቹ ኸርሺ በ1999 ሦስት የተለያዩ ሶፍትዌሮችን በአንድ ላይ ሥራ አስጀመረ፤ 4 ዓመት ይፈጃል የተባለውን ሥራ ወደ ሁለት ዓመት ተኩል አሳጥሮ ነበር። ሥራ የጀመረው ደግሞ የዓመቱ ትልቁ ሽያጭ በሚቃረብበት ወቅት ነው። ዕቃው በመጋዘኑ ሞልቶ ትእዛዙ ግን ወደ ሱቆቹ ሳይደርስ ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ባንኩ በሚያዝያ 2018 በአንድ የሳምንት መጨረሻ የደንበኞቹን ሒሳብ በሙሉ ወደ አዲስ ሥርዓት አዛወረ። መረጃው በትክክል ተዛውሯል፤ ሥርዓቱ ግን ሲከፈት ተብረከረከ። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ገንዘባቸውን ማየት እንኳ ሳይችሉ ቀሩ፤ ባንኩ ወደ መደበኛ አገልግሎቱ ለመመለስ እስከ ታኅሣሥ ፈጀበት። በ2022 ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ሲቀጡት ትኩረታቸው የዝውውሩ አያያዝና የአደጋ ቁጥጥሩ ጉድለት ላይ ነበር። ከዚህ በተቃራኒ ፊልም አቅራቢውን ኔትፍሊክስን እንመልከት። በነሐሴ 2008 የመረጃ ቋቱ ተበላሽቶበት ለሦስት ቀን ዲቪዲ ለደንበኞች መላክ አቃተው፤ ወደ ክላውድ ለመሄድ ወሰነ። የጨረሰው በጥር 2016 ነው። ሰባት ዓመት! ሁሉንም እንዳለ አንሥቶ ማስቀመጥ ቀላሉ መንገድ እንደነበር፣ ነገር ግን እንዲህ ቢያደርግ የቀድሞውን ችግርም አብሮ ማጓጓዝ ይሆን እንደነበር ድርጅቱ ራሱ ጽፏል። ጸሐፊው ኔትፍሊክስን የክላውድ ድል አድርገው ጠቅሰውታል። ድል ነው። ግን በችኮላ የተገኘ አይደለም።

የጀርመኑ የሱቅ ሰንሰለት ሊድል በ2011 የጀመረውን የሶፍትዌር ፕሮጀክት በ2018 ሲተወው የጠፋው ገንዘብ 500 ሚሊዮን ዩሮ ያህል እንደሆነ ተዘግቧል። አንዱ መሰናክል ሊድል የዕቃ ክምችቱን የሚተምነው በግዢ ዋጋ ሲሆን ሶፍትዌሩ በመደበኛ አሠራሩ የሚተምነው በመሸጫ ዋጋ መሆኑ ነው። ድርጅቱ ልማዱን ከሚለውጥ ሶፍትዌሩ እንዲለወጥለት መረጠ፤ አንዱ ለውጥ ሌላውን እየጠራ ሄደ። ያ የአተማመን ልማድ ለሊድል የጣሪያው ዘንግ ነበር። ላውርደው ወይስ ላቆየው የሚለውን መጀመሪያ ቢወስን ኖሮ ሁለቱም መልስ ከሰባቱ ዓመት ይሻል ነበር።

አሁን መረጃ አይዋሽም ወደሚለው። በዚህ ነጥብ ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የብሪታንያ ፖስታ ድርጅት ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ፣ በጃፓኑ የቴክኖሎጂ ኩባንያ በፉጂትሱ የቀረበ የሒሳብ ሥርዓት በቅርንጫፎቹ አስገባ። ሥርዓቱ በየቅርንጫፉ ገንዘብ ጎድሏል ይል ጀመር። የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ ብዙዎቹ በየመንደራቸው የተከበሩ፣ ትንሽ ሱቅ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ነበሩ። «እኔ አልወሰድኩም፣ ማሽኑ ተሳስቷል» ሲሉ የሚሰማቸው ጠፋ። ብዙዎች ስልክ ሲደውሉ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው እርስዎን ብቻ ነው ይባሉ እንደነበር መስክረዋል። የጎደለውን ከኪሳቸው ከፈሉ፣ ቤታቸውን ሸጡ። እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። ፍርድ ቤቶቹም ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል የሚለውን ግምት ይዘው ነው የፈረዱት። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ጉድለት እንደነበረበት አረጋገጠ፤ በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሻረ።

ጸሐፊው ይህ የአንድ መጥፎ ሶፍትዌር ታሪክ ነው ሊሉ ይችላሉ። ስሕተት የሌለበት ሶፍትዌር የለም፤ ሆራይዘንም ሌላውም ያው ነው። ይህንን ያህል ሰው ያጠፋው ከታች ያለ ሰው ቁጥሩ ስሕተት ነው ብሎ የሚናገርበትና የሚሰማበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ያቺ የመጋዘን ኃላፊ በደብተሯ የያዘችው እውነት ለኮምፒውተሩ ቁጥር ሲባል ሦስት ጊዜ ሥልጠና አስልኳታል፤ ዕድሏ ሆኖ ሌባ ብሎ የከሰሳት አልነበረም። መረጃ ማለት አንድ ሰው፣ በአንድ ሁኔታ ውስጥ፣ በአንድ ሕግ ተገድዶ ያስገባው ነገር ነው። የአሜሪካው የችርቻሮ መደብር ታርጌት በ2013 ካናዳ ውስጥ ሲከፍት የዕቃዎቹ ርዝመትና ስፋት እየተገላበጠ፣ ኢንቹ ከሴንቲሜትሩ እየተደባለቀ ወደ ሥርዓቱ ገባ፤ መጋዘኖቹ ሞልተው መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆኑ። በ2015 133ቱንም መደብሮች እንደሚዘጋ አስታወቀ። የከሰረው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሥርዓቱ የተነገረውን ሁሉ አምኖ ነበር።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህንን ጥያቄ አያስቀረውም፣ ያከብደዋል እንጂ። የካናዳው አየር መንገድ ኤር ካናዳ በድረ ገጹ ላይ ያለው የውይይት ሮቦት ለአንድ ሐዘንተኛ መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ ሲከሰስ፣ ሮቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ተጠያቂ ነው የሚል መከራከሪያ አቀረበ። በ2024 ጉዳዩን ያየው ችሎት አልተቀበለውም። ካሳውን የከፈለው አየር መንገዱ ነው። ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር ቢኖር፣ ብዙ አለቆች በግምታቸው ብቻ የሚወስኑት ውሳኔ በመረጃ ቢፈተን መልካም እንደሆነ ነው፤ በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ፈተናው ግን ለሁለቱም ወገን ይሁን፤ መረጃውም በሰው ይፈተን።

ስለ ሰው ኃይል ቅነሳ ብዙ አልልም። የራሴ የፎርድ ምሳሌ ቅነሳ ሊመጣ እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን እዚያ ቅነሳው የመጣው ሥራው ራሱ ከቀረ በኋላ ነው፤ ጽሑፉ የሚመክረው ግን ከመጀመሪያው ቁጥሩን በበጀት ሰነዱ ላይ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ሲደረግ ቀድሞ የሚወጣው ልምድ ያለውና ሌላ ሥራ የሚያገኘው ሰው ነው፤ በየትኛውም መመሪያ ላይ ያልተጻፈውን ልዩ ሁኔታ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። የክፍያ ድርጅቱ ክላርና በ2024 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቱ የ700 የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞችን ሥራ እየሠራ እንደሆነ አስታወቀ፤ በ2025 ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጥራቱ መጓደሉን አምነው እንደገና ሰው መቅጠር ጀመሩ። በአሜሪካ የገንዘብ መክፈያ ማሽን (ኤቲኤም) ከተስፋፋ በኋላም ከ1980 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የባንክ ገንዘብ ከፋዮች ቁጥር አልወረደም፤ አንድ ቅርንጫፍ የሚያስፈልገው ሰው ሲያንስ ባንኮች ብዙ ቅርንጫፍ ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ መቀነሱን አልክድም። ማሽኑ በየጊዜው የተለያየ ውጤት የሰጠው ባንኮቹ በየጊዜው የተለያየ ውሳኔ በመወሰናቸው ነው።

ጽሑፉን ለላኩልኝ ለሁለቱ ኃላፊዎች የመለስኩላቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሥርዓቱ ሥራ በሚጀምርበት ቀን ከእናንተ ድርጅት የማን ፊርማ ይቀራል? የትኛው ውሳኔ ከየትኛው ጠረጴዛ ወደየትኛው ይወርዳል? አንደኛው እስካሁን አልመለሱልኝም። ሁለተኛዋ በማግስቱ ደወሉልኝ። የግዢውን ሰነድ ከፍተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አይተውታል፤ ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ ፈቃዱ ብዛት፣ ስለ ሥልጠናው ቀን ተጽፏል። አሁን ያሉት ሰባት የማጽደቂያ ደረጃዎች በአዲሱም ሥርዓት ሰባት ሆነው ተቀምጠዋል። የማጽደቂያ ስብሰባው ገና ስላልተካሄደ ያንን ገጽ ይዘው እንደሚገቡ ነግረውኛል።